የሱሀይር ፓፓያ

ሱሀይር ጡት መያዣ መስፋት የጀመረችው ከአንዋር መስጊድ ጀርባ፣ በአንዲት የቀበሌ ክፍል ውስጥ፣ ሦስት ልጆች እየረገጧት ነው። ትልቋ ካሚላ አምስት ዓመቷ ነበር። ኑሪ ሦስት ሞልቶታል፤ ሁሪያ ገና ጡት አልጣለችም። ባሏ ሙደሲር በአሰብ መስመር የጭነት መኪና ስለሚነዳ በወር አንዴ ብቅ ይላል። በመጣ ቁጥር ኑሪ «ሌባ መጣ» ብሎ ያለቅሳል።

ሥራውን ያመጡባት ጎረቤቷ እትዬ በለጥሻቸው ናቸው። ደረታቸው ከሰውነታቸው አንድ እርምጃ ቀድሞ የሚገባ ሴት ናቸው። በ1976 የውጭ ዕቃ ከሱቅ ከጠፋ ሰንብቷል፤ እሳቸውም የቀረቻቸውን አንዲት የጣሊያን ጡት መያዣ በጋዜጣ ጠቅልለው መጡ። ማንገቻዋ ተበጥሷል።

«ይቺን ጠግኚልኝ ልጄ። ይቺ ከሞተች እኔም ከቤት አልወጣም» አሏት።

ሱሀይር ጠገነቻት። ከመጠገኗ በፊት ግን ስፌቷን አንድ በአንድ ፈትታ ቅዱን ጋዜጣው ላይ አነሳች። ጋዜጣው ገጹ ሙሉ የመሪው ንግግር ነበር፤ ንግግሩ ረጅም ስለሆነ ለእትዬ በለጥሻቸውም ልክ በቃ። ጨርቁን ከሶማሌ ተራ ቁርጥራጭ ገዛች። ላስቲክ ሲጠፋ ደግሞ ከምናለሽ ተራ አሮጌ የመኪና ጎማ ከመነዳሪ አምጥታ በቀጭኑ እየቆረጠች አስገባችበት። «የመኪና ጎማ ከቻለ የኔንም ይችላል» አሉ እትዬ በለጥሻቸው ለክተው ሲያዩት፤ በማግስቱ ወሬው ሰፈሩን አዳረሰ።

ሴቶቹ ልካቸውን ጮክ ብለው መናገር ያፍሩ ስለነበር ሱሀይር መላ ፈጠረች። ትንሹን ሎሚ፣ መካከለኛውን ብርቱካን፣ ትልቁን ፓፓያ አለችው። ስለ ልጆቿ ጆሮ ግን አላሰበችም። ካሚላ በር ላይ ተቀምጣ «እማ፣ ያቺ ፓፓያ ሴትዮ መጣች» እያለች ደንበኛ ታስገባ ጀመር። ኑሪ ያላለቀውን ጭንቅላቱ ላይ ደፍቶ ግቢውን ይዞራል። ሱሀይር አንድ እግሯ የስፌት መኪናው መርገጫ ላይ፣ ሁሪያ ጡቷ ላይ ተጣብቃ ትሰፋለች። ለሰፈሩ ጡት ሁሉ ማረፊያ ስታበጅ የራሷ ለአንድ ቀን እንኳ አላረፈም።

ነሐሴ ላይ እትዬ በለጥሻቸው ካሚላን ይዘው የስኳር ሰልፍ ወጡ። ከፊታቸው የቆመች ሴት ልጅቷን አየቻትና «እናትሽ የት ሄደች?» አለቻት።

«ቤት ናት። ለሴቶች ፓፓያ ትሰጣለች።»

«ፓፓያ አላችሁ?»

«ሞልቷል። አልጋ ሥር ነው። ሎሚም አለ፤ ሎሚ ግን ብዙ ሰው አይፈልግም።»

ያን ጊዜ ፍራፍሬ የሚገኘው ተሰልፎ ነው፤ ዕቃ አልጋ ሥር መደበቅ ደግሞ የኢኮኖሚ አሻጥር ይባላል። በማግስቱ ጠዋት የቀበሌው ሊቀመንበር ጓድ አገኘሁ፣ የሴቶች ማህበሯ ጓድ ሙሉብርሃን እና አንድ ጠመንጃ የያዘ ጥበቃ በሩን አንኳኩ።

«ፍራፍሬ ደብቀሻል የሚል ጥቆማ ደርሶናል» አለ ጓድ አገኘሁ።

«የምን ፍራፍሬ?»

ከኪሱ ወረቀት አውጥቶ አነበበ። «ሎሚ፣ ብርቱካን፣ ፓፓያ። ብዛቱ ያልታወቀ።»

ሱሀይር ከዚህ ባነሰ ነገር የተወሰደ ሰው ታውቃለች። በዚያው ቅጽበት ግን ሳቋ መጣ፤ ሳቋ ከፍርሃቷ ይልቅ አስፈራት። ከንፈሯን ነክሳ ወደ አልጋው ጠቆመች። ጥበቃው አጎንብሶ ካርቶኑን ጎተተና አንዱን በጠመንጃው አፈሙዝ አንጠልጥሎ አወጣ።

«ጓድ ሊቀመንበር፣ ይሄ ፍራፍሬ አይደለም።»

«ፓፓያ ነው» አለች ካሚላ ልትረዳው ፈልጋ። «ሎሚው ከታች ነው።» ቀጥላ ሊቀመንበሩን ቀና ብላ አየችው። «የጋሼ አገኘሁ ሚስት ብርቱካን ናት።»

በሩ ላይ የቆሙት እትዬ በለጥሻቸው ነጠላቸውን አፋቸው ውስጥ ወተፉ። ጓድ ሙሉብርሃን ግድግዳውን ማየት ጀመረች። ጓድ አገኘሁ ወረቀቱን አጣጠፈ፤ እንደገና ዘረጋው።

«የማምረቻ ፈቃድ አለሽ?» አለ በመጨረሻ።

አልነበራትም። የስፌት መኪናዋን አስጭኖ ሄደ።

ያን ቀን ሱሀይር አለቀሰች። በማግስቱ ግን ሁሪያን አዝላ፣ ሁለቱን በእጇ ይዛ ቀበሌ ጽሕፈት ቤት ገብታ ተቀመጠች። «መኪናዬ እዚህ ነው፤ እኔም ሥራ ቦታዬ ገብቻለሁ» አለቻቸው። በመጀመሪያው ቀን ካሚላ የማህተሙን ቀለም እጇ ላይ ጨረሰችው። በሁለተኛው ቀን ሁሪያ ስብሰባውን በለቅሶ በተነችው። በሦስተኛው ቀን ኑሪ ከሦስቱ ጺማም የኮሙኒዝም አባቶች ሥዕል ሥር ሱሪውን ዝቅ አድርጎ ሸና።

«ይህቺን ሴት አስወጡልኝ» አለ ጓድ አገኘሁ።

ጓድ ሙሉብርሃን ሱሀይርን ወደ ጓሮ ይዛት ወጣች። መስከረም ሁለት የአብዮቱ አሥረኛ ዓመት ይከበራል፤ የቀበሌው ሴቶች ካኪ ለብሰው ሊሰለፉ ልምምድ ላይ ናቸው።

«ሩጡ ስላቸው ግማሾቹ ደረታቸውን ይይዛሉ» አለቻት ድምጿን ዝቅ አድርጋ። «በአንድ እጅ እየያዙ በሌላው ሰላምታ አይሰጥም። በሁለት ሳምንት አርባ ታደርሻለሽ?»

«ፈቃድ በጽሑፍ ስጡኝ።»

ደብዳቤው «ለበዓሉ ዝግጅት አስፈላጊ አልባሳት» ይላል። ጓድ አገኘሁ ሳያነበው ፈረመ፤ የስፌት መኪናዋም ተመለሰላት። ጨርቅ ግን ከመፈክር የተረፈ ቀይ ፖፕሊን ብቻ ነበር የተገኘው። ሱሀይር አርባውንም በቀይ ሰፋች። እትዬ በለጥሻቸው ሁለቱን ትንንሾች ጓሮ አስገብተው ያዙላት፤ የተሰፋውን ማንገቻ ደግሞ ካሚላ ወደ ውጭ ገለበጠች።

በዓሉ ሁለት ቀን ሲቀረው ኑሪ አንዱን የልብስ ማጠቢያው ሳፋ ውስጥ ነከረው። ውሃው ደም መሰለ። ጨርቁ ቀለም ይለቃል። ሱሀይር ለማንም አልተናገረችም። መስከረም ሁለት ጠዋት ሴቶቹ ካኪያቸውን ለብሰው ሲወጡ እሷ ሁሪያን አቅፋ ደጃፍ ቆመች። በአማኑኤል ቤተ ክርስቲያን በኩል የጠቆረውን ደመና እያየች የምታውቀውን ዱአ ሁሉ አደረገች። ዝናቡ ሳይጥል ዋለ። ከሰዓት በኋላ ጓድ ሙሉብርሃን ላብ በላብ ሆና መጣች።

«አንድም እጅ ደረት ላይ አልነበረም» አለችና በርጩማው ላይ ዘጭ አለች።

«አልሐምዱሊላህ። ግን እንዳያጥቡት ንገሪያቸው» አለቻት ሱሀይር። «ካጠቡም ለብቻው ይጠቡት።»

ሙደሲር የመስከረሙን ወር ዘሎ ጥቅምት ላይ መጣ። ቤቱን ቀይ ክር ሞልቶት አገኘው፤ የቀበሌ ማህተም ያረፈበት ደብዳቤም ግድግዳው ላይ ተለጥፏል። ሁለት ጊዜ አነበበውና «ምን ዓይነት አልባሳት ነው?» አላት።

«የሴት» አለችው ሱሀይርና መርፌዋ ውስጥ ክር አስገባች።