ራቢያ መሪ የጨበጠች ጊዜ

ሙባረክ መኪናዋን ገዝቶ ሲመጣ የደሴ ቧንቧ ውሃ ሰፈር ሰው «እዚሁ አገር የተገጣጠመች ናት አሉ!» እያለ ወጥቶ አይቷታል። ነጭ፣ ባለ አራት በር የቤት መኪና ናት። ሙባረክ ኮምቦልቻ በአንድ ፋብሪካ ማሽን ጠጋኝ ስለነበር ጠዋት የሐረጎን ተራራ ቁልቁል ይወርድባታል፣ ማታ ያንኑ ዳገት ይወጣባታል። ለማጠብ እንኳ ሰው አያምንም። ሚስቱ ራቢያም ቁልፉን ካነሣች «ተይ፣ አስቀምጪው» ትባላለች።

መኪናዋን የገጣጠመው ድርጅት ከተዘጋ በኋላ ሙባረክን ስትሮክ መታው። ቀኝ እጅና እግሩ አልታዘዝ አሉት። ሐኪሞች ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል እየተመላለሰ ሰውነቱን እንዲያፍታታ አዘዙት። ሚኒባሱ ግን መከራ ሆነበት። ሰው ደግፎ ሲያሳፍረው ረዳቱ «ኧረ ቶሎ በሉ!» ይላል፤ እሱ አንገቱን ይደፋል። አንድ ቀን «በቃኝ፣ አልሄድም» ብሎ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ።

ራቢያ አልተከራከረችም። በማግስቱ ሄዳ መንጃ ፈቃድ ማሠልጠኛ ተመዘገበች።

«በዚህ ዕድሜሽ? ሰው ይስቅብሻል እኮ!» አለ ሲሰማ።

«ይሳቅ። አንተ ብቻ ትዳንልኝ።»

ፈቃዱን አግኝታ መጀመሪያ ይዛው የወጣች ቀን ሙባረክ አፉን አልዘጋም። «ፍሬን! ቀስ! ያ ረቢ፣ ማርሹን ፈጨሽው!» ወደ ቦሩ ሜዳ የሚወጣው ዳገት መሃል ላይ ሞተሩ ጠፋ። አስነሣችው፤ ደግሞ ጠፋ። ከኋላ ያለው አይሱዙ ጡሩንባውን አንባረቀባት። ራቢያ መሪውን ለቃ በነጠላዋ ፊቷን ሸፍና አለቀሰች።

ሙባረክ ደህናውን ግራ እጁን ሰዶ የእጅ ፍሬኑን ያዘላት።

«አብሽሪ። አንቺ ፍሪሲዮኑን ርገጪ፣ ማርሹን ለኔ ተይው።»

እሷ ረገጠች፣ እሱ አስገባ፤ መኪናዋ ተንቀሳቀሰች። ከዚያ ወዲያ ወራቱን ሁሉ እንደዚያው ነዱ። እሷ በእግሯ «አሁን» ስትል እሱ በእጁ ይመልሳል። ቦሩ ሜዳ ደርሰው ሲመለሱ እንደ ወጣት ባልና ሚስት ይሳሳቁ ነበር። ቀስ በቀስም ሙባረክ ምርኩዝ ይዞ መራመድ ጀመረ፤ ራቢያም ማርሹን ራሷ ለመደች። እሱ ግን እጁን ከዚያ ማንሣት አልወደደም፣ እሷም አንሣ አላለችውም።

አንድ ቀን ከኮምቦልቻ ሠርግ ሲመለሱ ሐረጎ ላይ መኪናዋ ቆመች። ጎትቶ ደሴ ያስገባት መካኒክ ደምለው ከሥሯ ወጥቶ እጁን ጠረገ።

«ጋሽ ሙባረክ፣ ካምቢዮው፣ የማርሹ ሳጥን፣ ተሰብሯል። የዚች ዕቃ ደግሞ የለም። አዲስ አበባም አስጠይቄያለሁ።»

ሙባረክ ጋራዡ በር ላይ ብዙ ቆመ። ደምለው መኪናዋን እንዳለች ለመለዋወጫ እንደሚወስዳት፣ እሷን የመሰሉ መኪና ያላቸው ሰዎች በር ሆነ መብራት ፍለጋ እሱ ዘንድ እንደሚመጡ ነገረው።

«ምን ትያለሽ?» አለ ወደ ሚስቱ ዞሮ። በኑሯቸው ሙሉ ስለ መኪናዋ ሲጠይቃት የመጀመሪያው ነበር።

«ቆማ ከምትዝግ ለሌሎቹ ትትረፍ» አለች ራቢያ።

እሱም እሺ አለ። ሲፈታቷት ግን አላይም ብሎ ወደ መስጊድ ሄደ።

ራቢያ በዓመቱ የአንድ መዋዕለ ሕፃናት ሰርቪስ ሹፌር ሆነች። ልጆቹ «እማማ ሹፌር» ይሏታል። ሙባረክ ጠዋት ጠዋት ምርኩዙን ይዞ እስከ አስፋልቱ ይሸኛታል፤ ጎረቤት ሰላም ሲለው መልሱን ሳይጨርስ «የኛዋ ወጣች፣ አያችኋት?» ይላል።