በሬው የሞተበት ሰው

ልጅ ሳለሁ፣ በስደት በምንኖርበት ከተማ አባቴ ኒው አልባኒ ሰፈር መጋዘን፣ እናቴ ደብሊን ሰፈር ሆቴል ለማታ ፈረቃ ሲሄዱ፣ እኔን የሚያቆዩኝ ከእኛ በታች ያለው ፎቅ ላይ ብቻቸውን የሚኖሩት እትዬ ጥሩወርቅ ነበሩ። እራት ካበሉኝ በኋላ ወንበር ላይ ይወጡና የጣሪያውን የጭስ ማንቂያ በፕላስቲክ የሻወር ቆብ ይሸፍኑታል። አንድ ቀን ጧፍ አብዝተው ቢያበሩ ጮኾ የሕንፃውን ሰው ሁሉ በፒጃማ በረዶ ላይ ስላስወጣባቸው፣ ከዚያ ወዲህ አያምኑትም። ከዚያ መብራቱን አጥፍተው አንዲት ጧፍ ይለኩሳሉ፤ ጫማዬን አስወልቀው በእመቤታችን ሥዕል ፊት ከጎናቸው ያቆሙኛል። ጸሎቱ ሲያልቅ ተረት አለ። እውነቱን ለመናገር፣ ያኔ ጸሎቱን የምታገሠው ለተረቱ ስል ነበር።

ከተረቶቻቸው አንዱን ግን አልወደውም ነበር። ዝናብ በጠፋበት አገር ሰው ሁሉ ለምሕላ ቤተ ክርስቲያን ይሰበሰባል፤ አንዱ ለእርሻው፣ አንዱ ለከብቱ ይለምናል። ከሁሉም ኋላ አንድ ያለው በሬ የሞተበት ሰው ቆሟል። «አንተ ደግሞ ምን ልትለምን መጣህ? ቢዘንብስ በምን ልታርስ?» ይሉታል። «የምለምነውስ የለኝም። ቤት ተቀምጬ አልቻልኩም» ይላል። ተረቱ እዚሁ ላይ ያበቃል።

«በሬውስ? ካም ባክ አላደረገም?» አልኳቸው።

«ሞቷል አልኩሽ እኮ!»

«ይሄ ጥሩ ኤንዲንግ አይደለም።»

ጧፏ እስክትወዛወዝ ሳቁ።

እትዬ ጥሩወርቅ አዲስ አበባ የቀረ ዳዊት የሚባል አንድ ልጅ ነበራቸው። ኩላሊቱን ታሞ ሆስፒታል ከተኛ ወራት አልፈውት ነበር፤ የየማታው ጸሎትም የእሱ ነበር። ድምፃቸውን ከፍ አያደርጉም። ግንባራቸውን ምንጣፉ ላይ ደፍተው ትከሻቸው እየተንቀጠቀጠ «ማርልኝ፣ አንተው ማርልኝ» ይላሉ። በሕይወቴ እንደዚያ ከልቡ የሚጸልይ ሰው አላየሁም።

አንድ ሐሙስ ከትምህርት ቤት ስመለስ እናቴ ወጥ ቤት ቆማ በስልክ እያወራች ታለቅሳለች። «ልጇ መሞቱን ዛሬ እንዴት እንነግራታለን? ነገ ሥራ ገቢ ናት። ቅዳሜ ኦፍ ናት፤ ቄሱም ያኔ ይመቻቸዋል» ስትል ሰማኋት። እኛ ዘንድ መርዶም እንደ ሐኪም ቀጠሮ የሥራ ፕሮግራም ታይቶ ነበር የሚያዘው። ስልኩን ዘግታ ስታየኝ ደነገጠች። «ትንፍሽ እንዳትዪ» አለችኝ።

ማታ እትዬ ጥሩወርቅ ዘንድ ስታደርሰኝ «ዛሬ ደጋግሜ ኮል ባደርግ ማንም አያነሳም» አሏት። «ኔትወርኩ ይሆናል፣ እትዬ» ብላ ፊቷን አዙራ ወጣች። ጧፏ በራች። እሳቸው ተደፍተው «ማርልኝ» ሲሉ እኔ ምንጣፉ ላይ የወደቀችውን የሰም ጠብታ እያየሁ ቆምኩ። ለሞተ ሰው ጤና ሲለመን ሰማሁ፤ እግዚአብሔርም እንደ እናቴ ፊቱን ያዞረ መሰለኝ።

«አሜን በዪ እንጂ የኔ ልጅ» አሉኝ። አልኩ። ከሁሉ ያስፈራኝ ግን ቅዳሜ ነበር። እውነቱን ከሰሙ ወዲያ እኚህ ሴት ዳግመኛ ጧፍ የሚያበሩ አልመሰለኝም።

ቅዳሜ ማለዳ ቄሱና ሽማግሌዎቹ መጡ። ጎረቤት ፖሊስ እንዳይጠራ መስኮቱ ሁሉ ተዘጋ። ጩኸታቸው ከወለላችን ሥር ይሰማኛል፤ «ቀስ፣ ቀስ በዪ» የሚሏቸውም ይሰማኛል። ልጇ የሞተባትን እናት ድምፅሽን ቀንሺ ያሉበትን ያን ጠዋት እስከ ዛሬ አልወደውም።

ከዚያ በኋላ ጧፍም ተረትም ቀረ። ማታ ማታ የቴሌቪዥኑን ድምፅ አጥፍተው ከምስሉ ጋር ይፋጠጣሉ፤ እኔም የቤት ሥራዬን እሠራለሁ። ምንጣፉ ላይ የነበረችው የሰም ጠብታ ሳትቀር በእግር ተረግጣ ጠፋች። የፈራሁት ደረሰ አልኩ።

አንድ ምሽት ግን ውጭ በረዶ እየጣለ ሳለ፣ ተነሥተው ወንበሩን ሳቡ። የሻወር ቆቡን አጠለቁ። መብራቱን አጠፉ።

«ዛሬ ለምንድን ነው የምንጸልየው?» አልኳቸው።

«እኔ እንጃ። የምለምነው የለኝም» አሉና ጧፏን ለኮሱ። «ተቀምጬ አልቻልኩም።»

ግንባራቸው ምንጣፉን ነካ፤ ያ ትከሻ እንደ ድሮው ተንቀጠቀጠ። አባታችን ሆይን ሲጨርሱ ማንም ሳያዘኝ አሜን አልኩ። ተረት ልጠይቃቸው ትዝም አላለኝ።

እሳቸው ካረፉ ቆዩ። እኔ አሁን እዚያው ከተማ ክሊንተንቪል ሰፈር ነው የምኖረው። ቤተ ክርስቲያናችን የራሷን ሕንፃ ገዝታለች፤ ድምፅ ማጉያውም ከመኪና ማቆሚያው ድረስ ይሰማል። ዘንድሮ በበረዶው ወራት እናቴ ስትታመም እዚያ ሄጄ ያልለመንኩበት ቀን አልነበረም። አልሆነም። ከቀብሯ በኋላ በነበረው እሑድ፣ እዚያው ማቆሚያው ላይ ሞተሩን ሳላጠፋ መኪናዬ ውስጥ ብዙ ተቀመጥኩ፤ ለመመለስም ማርሽ አስገብቼ ነበር። ከዚያ አጠፋሁትና ወረድኩ፤ ጫማዬን አውልቄ ከሁሉም ኋላ ቆምኩ። ከፊቴ ያለችው ሴት ዞር ብላ አየችኝና ቦታ ለቀቀችልኝ። የምለምነው አልነበረኝም።