ለወንድሜ ያለቀሰችው ጋዜጠኛ

"ቲቸር፣ የምታለቅሰው እኮ ለወንድሜ ነው!" ብዬ ዛሬ ክፍል ውስጥ ጮህኩ።

የሚኒ ሚዲያ ክበባችን መምህር ገጠር የደረሰውን የመሬት መንሸራተት ስትዘግብ ያለቀሰችውን ጋዜጠኛ በቪዲዮ አሳይተውን "ጋዜጠኛ እንዲህ አይሆንም" ሲሉ ነው።

የሟቾችን ስም እያነበበች፣ ገጠር ሊያስተምር የሄደው ታላቅ ወንድሜ ጋ ስትደርስ ነው ድምጿ የተቆረጠው። እዚህ ሰፈራችን ታቦር ጎረቤቱ ሁሉ "አንተ ወንድ ነህ፣ እናትህን አጽናና" እያለ እንባዬን ሲከለክለኝ፣ እሷ ግን አለቀሰችለት።

ከኋላ አንዱ "ሶፍት ስጡት" ብሎ አሾፈ። (ተቀበልኩ፤ ያስፈልገኝ ነበር።)

መምህራችን ቀስ ብለው "ነገ ጠዋት በትምህርት ቤቱ ሰልፍ ላይ የሟቾቹን ስም በአንተ ፈንታ ሌላ ልጅ ያንብብ" አሉ።

እኔ ነኝ የማነበው። ካለቀስኩም እያለቀስኩ አነባለሁ፤ አንድም ስም አልዘልም።

እናንተስ፣ የማታውቁት ሰው ለሟቻችሁ አልቅሶላችሁ ያውቃል? ጻፉልኝ፤ ስማቸውንም ጨምሩ።