ከጎንደር በሚኒባስ የመጡ ፕላኔቶች

የትናየትን ጎንደር መናኸሪያ ያገኘኋት ሐሙስ ዕለት ነው። ላፕቶፗን እንደተከፈተ በሁለት እጇ ታቅፋዋለች። እኔ ጥርሴን ላስነቅል ወርጄ ነበርና ለጨዋታ አልተመቸሁም። የዳባቱ ሚኒባስ ውስጥ አጠገቤ ተቀመጠች፤ ላፕቶፑን ግን አልከደነችውም።

«ክደኚው እንጂ፤ አቧራ ሊበላው እኮ ነው» አልኳት።

«ከከደንኩት ይጠፋል። ከጠፋ ደግሞ አለቀልኝ።»

ዳባት አንድ ትምህርት ቤት ነው የምናስተምረው፤ እሷ ሳይንስ፣ እኔ አማርኛ። ከተማችን ኢንተርኔት ካጣች ከርማለች። የትናየት ፕላኔቶችን በፀሐይ ዙሪያ ሲዞሩ የሚያሳይ፣ እየነኩ ወደራስ የሚያቀርቡት ድረ ገጽ እንዳለ ሰማች። ፈቃድ ወስዳ ጎንደር ወረደች፤ ዋይፋይ ያለው ሆቴል ገብታ አንዲት ማኪያቶ ይዛ ስትቀመጥ ዋለች። ገጹ አንዴ ከተከፈተ ያለ ኢንተርኔትም ይዞራል። ፕላኔቶቹን ግን አንድ በአንድ ቀድሞ መንካት ያስፈልጋል፤ የተነካው ምስሉ እዚያው ይቀራል። ነካክታ ስታበቃ ሳትከድነው ዳባት ልታደርሰው ነው። እብደት ነው፤ እብደት መሆኑንም ነግሬያታለሁ።

ለማን እንደሆነ አውቃለሁ። እናናዬ የምትባል የሰባተኛ ክፍል ተማሪ አለች። በፎቶ ኮፒው መጽሐፍ ላይ ፕላኔቶቹ ሁሉ የጠቆረ ድንች ይመስላሉ፤ እሷ ግን «ቲቸር፣ የሳተርን ቀለበት የቱ ጋ ነው?» እያለች መውጫ መግቢያ ታሳጣለች። ቤተሰቧ መካነ ብርሃን ላገባችው እህቷ ልጅ እንድትይዝ ሊልካት ወስኗል። ቅዳሜ ትሄዳለች፤ የትምህርቷም ነገር በዚያው ያበቃል። የትናየት ቤታቸው ድረስ ሄዳ አባቷን ለምናለች። ወንበር አቀረቡላት፣ ጠላ ቀዱላት፣ በትሕትና እምቢ አሏት። ከዚያ ወዲያ የቀራት ይኼው ላፕቶፕ ነው።

አምባ ጊዮርጊስ ላይ ረዳቱ አንገቱን አስግጎ «መምህርት፣ ፊልም ከሆነ ለኛም ያዙሩልን እንጂ!» አለ። አዞረችላቸው። ከገበያ የሚመለሰው ሰው ሁሉ ጁፒተርን እያየ ዳባት ገባን። እኔ ነጠላዋን ዘርግቼ አቧራ እንድከላከል ታዝዣለሁ፤ ክንዴ ዛለ፣ ድዴ ጠዘጠዘኝ፣ ተነጫነጭኩ። ግን አለቀቅኩም።

ዓርብ ልጆቹ ተደራርበው ከበቧት። ሳተርን ቀለበቱን ይዞ ስክሪኑን ሲሞላ እናናዬ አፏን በነጠላዋ ጫፍ ሸፍና ሳቀች። እንዲያ ስትስቅ አይቻት አላውቅም። ዓይኔ እንባ አቀረረ። ሜርኩሪን አየች፣ ማርስን አየች፣ ኔፕቱንን ራሷ በጣቷ አሽከረከረችው።

«ቲቸር፣ የኛስ? እኛ የቱ ጋ ነን?»

የትናየት ከፀሐይ ሦስተኛዋን ነካች። ስክሪኑ ነጭ ሆነ። ቀጥሎ ኢንተርኔት የለም የሚል ጽሑፍ መጣ። ወደ ኋላ ብትመልሰው ሳተርንም የለ፣ ፀሐይም የለ። ደጋግማ ሞከረች። ልጆቹ እነሱ ያበላሹት መስሏቸው እጃቸውን ሰበሰቡ።

«ሁሉንም ነክቼ» አለችኝ በኋላ ደረጃው ላይ ተቀምጣ፣ «የኛን ዘለልኩት። ይኼንንማ ያውቁታል ብዬ።»

ሌላ ጊዜ ቢሆን እጮህባት ነበር። ያን ዕለት ግን አብሬያት ተቀመጥኩ።

ቅዳሜ ጠዋት ልንሸኛት ሄድን። እናናዬ አይሱዙው ላይ ከጆንያዎቹ መሀል ተቀምጣለች።

«ቲቸር፣ ኔትወርክ ሲመጣ የኛን ያሳዩኛል?» አለች ከላይ ሆና።

«አሳይሻለሁ» አለቻት የትናየት።

አባትየው የመኪናውን ጎን መታ መታ አደረጉ፤ አይሱዙው በደባርቅ መንገድ ተነሣ። የትናየት ላፕቶፑን ይዛው ነበር የመጣችው። ተከድኖ ነበር።