ስም የሚመርጥ ኮምፒውተር

ነገሩ የሆነው አምና ከጥምቀት በኋላ፣ ደባርቅ ውስጥ ነው። ሰው አልሞተበትም፣ ንብረት አልጠፋበትም። ግን መልኩን አይቼው የማላውቅ ሰው ያደረገልኝ ነገር ስላለበት እስካሁን ከልቤ አልወጣም።

የዳባት ልጅ ነኝ። ጎንደር ኮምፒውተር ተምሬ፣ ወደ ተራራው ፓርክ ለሚወጡ ቱሪስቶች በቅሎ የሚያከራዩ ሰዎች ያቋቋሙት ማኅበር ቀጠረኝ። ሥራዬ የባለ በቅሎዎቹን ተራ ማውጣት ነው። በእጣ ሲሆን ጭቅጭቅ ስለበዛ አንድ ትንሽ ፕሮግራም ጻፍሁ። የሁሉም ስም እዚያው ፕሮግራሙ ውስጥ በአማርኛ ሰፍሯል።

የምጠቀምበት ኮምፓይለር፣ ማለትም የጻፍሁትን ኮምፒውተሩ ወደሚረዳው ቋንቋ የሚለውጥልኝ መሣሪያ፣ በነጻ የሚገኝ ነው። በየአገሩ ያሉ ፈቃደኞች በኢንተርኔት ተባብረው ይሠሩታል፤ ውስጡንም ማንም ከፍቶ ማየትና ማረም ይችላል።

አንድ ጠዋት አዲስ አባላት ስጨምር ኮምፓይለሩ «የተበላሸ ፊደል» ብሎ ቆመ። የጠቆመው «ፈንታ ጥጋቡ» የሚለውን ስም ነው። አያ ፈንታ የአምባራስ ሰው ናቸው፤ የዚያን ዕለት ደጅ ላይ ቆመው ተራቸውን ይጠብቁ ነበር። ስማቸውን ስሰርዘው ይሠራል፤ ስመልሰው እምቢ ይላል። አብረዋቸው የቆሙት መሳቅ ጀመሩ።

አያ ፈንታ አልሳቁም። «ምን በደልሁት?» አሉኝ።

«ኧረ እርስዎ ምንም አልበደሉ፤ ማሽኑ ነው።»

«እንግዲያስ የክርስትና ስሜን ሞክሪው። ገብረሚካኤል ነኝ።»

ደስ ይበላቸው ብዬ ጻፍሁት። ሠራ። ሳቁ ቀጥ አለ፤ አንዱም አማተበ።

ብዙም ሳይቆይ የሌላ ሰው ስም እምቢ ተባለ። ይኼኔ ማሽኑ ስም ይመርጣል፣ እምቢ ያለውም ሰው ክፉ ያገኘዋል የሚል ወሬ ተነዛ። ስሙ እምቢ የተባለውን ሰው አብረውት የሚጭኑ ጓደኞቹ «አንተን ይዘን ገደል ለገደል አንሄድም» አሉት። ቀልድ መስሎኝ ነበር። ሰውየው ግን በቅሎውን እየጎተተ ወደ ቤቱ ሲመለስ አየሁት።

እንግዲህ ምክንያቱን መፈለግ ግድ ሆነብኝ። ኮምፓይለሩን የሚሠሩት ሰዎች ችግር የሚመዘግቡበት ገጽ አላቸው። እዚያ ስፈልግ አንድ የበርማ ሰው በራሱ ቋንቋ ሲጽፍ ያንኑ ችግር አግኝቶት፣ ከብዙ ዓመት በፊት ማመልከቱን አየሁ። ከሥሩ ሌሎች «እኔም ጋ አለ» እያሉ ጽፈው ሄደዋል። የፈታው የለም።

የኮምፓይለር ውስጥ አይቼ አላውቅም ነበር። ሥራ በቀለለ ቁጥር ቁጭ ብዬ አነበብሁት። መጨረሻ ላይ ነገሩ ተገለጠልኝ። ኮምፓይለሩ ጽሑፉን እየቆራረጠ ነው የሚያነበው። የእንግሊዝኛ ፊደል አንድ ቦታ ሲይዝ የእኛ ሦስት ይይዛል። ቁርጡ አንዱ ፊደላችን መሐል ካረፈ፣ ፊደሉ ለሁለት ይሰነጠቅና ተበላሸ ይባላል። የአያ ፈንታን ስም ከነአባታቸው ስጽፍ መሐሉ ላይ ክፍተት ነበረው፤ የክርስትና ስማቸውን ግን አጣብቄ ስለጻፍሁት ፊደሎቹ ትንሽ ተንሸራተው ከቁርጡ ተረፉ። ተአምሩ ይኸው ነበር።

ማረሚያው ጥቂት መስመር ብቻ ሆነ። ላክሁት። ከሠሪዎቹ አንዷ ተመልክታው፣ እርማቱ በትክክል መሥራቱን የሚያሳይ መፈተኛ ጨምሪበት አለችኝ። ልጽፍ ስቀመጥ ከተማው ውስጥ ኢንተርኔት ተቋረጠ።

ተቋርጦም ከረመ። መልስ ያልሰጠ ሰው የላከው እርማት ሳይገባ እንደሚዘጋ ደንባቸው ላይ አንብቤ ስለነበር ተስፋ ቆረጥሁ።

ኢንተርኔት ሲመለስ ገጹን ከፈትሁት። ሴትዮዋ «መልስ ስለሌለ ልዘጋው ነው» ብላለች። ከሥሩ ያ የበርማ ሰው ጽፏል፦

«እባካችሁ አትዝጉት። ይህች ልጅ ያለችበትን አገር ከገጿ ላይ አይቻለሁ፤ ኢንተርኔት ጠፍቶባት ይሆናል። እኛም ጋ እንዲህ ያደርጋል። መፈተኛውን እኔ በቋንቋዬ ጽፌዋለሁ። ሥራው ግን የእሷ ነውና በስሟ ይቆይ፤ እስክትመጣ እንጠብቃት።»

ጠብቀውኛል። አመስግኜ የቀረውን ጨረስሁ፤ እርማቱም በሚቀጥለው የኮምፓይለሩ እትም ገባ፤ ከዚያ ወዲህ እምቢ የተባለ ስም የለም።

ለአያ ፈንታ ነገሩን ስነግራቸው «ሰውየው ያውቅሻል?» አሉኝ።

«አያውቀኝም።»

«ሳያውቅሽ ነው?» ብለው ራሳቸውን ነቀነቁ። «ዕድሜ ይስጠው በይልኝ።»

ጻፍሁለት። አጭር መልስ ሰጠኝ፤ ከዚያ በኋላ ተጻጽፈን አናውቅም። ዛሬ የፊደሉን ነገር እምብዛም አላስበውም። የማስበው እነዚያን ወራት ነው። እኔ ደባርቅ ተቀምጬ ተረሳሁ ስል፣ የዓለም ሌላ ጫፍ ላይ አንድ ሰው ጠብቋት እያለ ይለምንልኝ ነበር። ይህን ሳስብ ልቤ ይረጋል።