ቅደም ተከተል የሌላቸው ችካሎች

ባለፈው በጋ፣ አንድ ቅዳሜ ጠዋት፣ ጎመን ልገዛ ከላፍቶ ወደ ወንዙ ወረድኩ... ጋሽ ፈይሳ ግን የሚሸጡ አይመስሉም። ማሳቸው ጫፍ ላይ ቁጭ ብለው የችካል ክምር ይጠብቃሉ፤ እስረኛ እንደሚጠብቅ ፖሊስ።

ጋሽ ፈይሳ ማለት ዛሬ ኮንዶሚኒየም የቆመበት ሜዳ ላይ ድሮ ጤፍ ያጭዱ የነበሩ ሰው ናቸው። አሁን የቀረቻቸው ድልድዩ አጠገብ ያለችው ቁራሽ መሬት ብቻ ናት። ጎመን፣ ቆስጣ፣ ዘንድሮ ደግሞ ድንች።

«መጡ» አሉኝ።

«እነማን ጋሼ?»

«እኔ ምን አውቄ! ሐሙስ ለቅሶ ውዬ ስመለስ ድንቹ መሃል ተተክሎ አገኘሁት። ያኔም እንዲህ ነው የጀመሩት። መጀመሪያ ችካል፣ ቀጥሎ ስብሰባ፣ ቀጥሎ ዶዘር።»

አንዱን አንስቼ አየሁት። አናቱ ላይ በቀይ ቀለም ቁጥር ተጽፎበታል። እኛ ሰፈር በቀይ ቀለም የተጻፈ ነገር ያየ ሰው ቁርሱን አይጨርስም።

እኔ እንግዲህ ጋዜጣ የማነብ ሰው ነኝ። ምርመራ ጀመርኩ።

«ሲነቅሏቸው ተራቸው እንዴት ነበር?»

«ተራ የለውም እኮ! አንድ፣ ሦስት፣ ሁለት፣ አራት። ወረድ ብሎ ደግሞ ሦስት፣ አራት፣ አንድ፣ ሁለት። ከዚያ ወዲያ ያለው ጭራሽ ሌላ ነው።»

እኔም የደነገጥኩት ይሄኔ ነው። የቤት ቁጥር ቢሆን ተራውን ይጠብቃል። የብሎክ ቁጥርም ቢሆን እንደዚያው። ቅደም ተከተል የሌለው ቁጥር የሚጽፍ ሰው የሚደብቀው ነገር አለው። ይህንኑ በሙሉ ልብ አስረዳኋቸው።

«ሆን ብለው ነው ያምታቱት ጋሼ። ነገ አቤት ቢሉ ማስረጃ እንዳይኖርዎት።»

«አላልኩም?» አሉና ክምሩ ላይ እግራቸውን ጫኑበት።

በዚህ መሃል ሰፊ ባርኔጣ ያደረገች ልጅ ቁልቁለቱን እየተንደረደረች መጣች። ሂሩት ትባላለች፤ የድንቹን ዘር ያመጣችላቸው ተመራማሪ ናት። ክምሩን ስታይ ባርኔጣዋን አወለቀች።

«ወይኔ ጋሽ ፈይሳ! ማነው የነቀለው?»

«ማነው የተከለው?»

«እኔ ነኛ! ዘሩን እንሞክረው ተባብለን አልነበር?»

«ድንች እንሞክር አልሽ እንጂ መሬት እንሸንሽን መቼ አልሽ?»

ልጅቷ ትዕግሥት አላት። መደቡ ላይ ቁጢጥ ብላ ታስረዳ ጀመር። ድንቹ አራት ዓይነት ነው፤ እያንዳንዱ ዓይነት ሦስት ቦታ ተተክሏል። ምክንያቱም አንዱ ጥግ ውሃ ይበዛዋል፣ ሌላው ጥግ ድልድዩ ጥላ ያጠላበታል። ቁጥሩ የተዘበራረቀው አንዱ ዓይነት ምቹውን ቦታ ብቻውን እንዳይዝ ነው።

«እንዳናዳላ ብለን በዕጣ ነው የደለደልነው» አለች በመጨረሻ።

«በዕጣ?»

ጋሽ ፈይሳ ቀስ ብለው ቀና አሉ። ማዶ ያለውን ኮንዶሚኒየም አዩ... እሷን አዩ... ከዚያ እኔን አዩ። እኔም አንገቴን ነቀነቅኩ። ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ ይመጣል?

«ግድ የለም፣ እንመልሳቸዋለን» አለች ሂሩት፣ ስልኳን እያወጣች። «ሐሙስ ማሳውን ፎቶ አንስቼዋለሁ።»

«ፎቶም አንስታለች!» አሉኝ ጋሽ ፈይሳ።

ነገሩን ያረገበችው በአንድ ጥያቄ ነው። «ጋሼ፣ መሬትዎን ሊወስድ የመጣ ሰው በገዛ እጁ ድንች ይተክልበታል?»

እግራቸውን ከክምሩ ላይ አነሱ። ከዚያ ተስማሙ፤ ግን ቅድመ ሁኔታ አላቸው። ቀዩ ቀለም ተፍቆ ቁጥሩ በሰማያዊ ይጻፍ። ሦስታችን ስንፍቅ፣ ስንጽፍ፣ ስንተክል ረፈደ። ልንጨርስ ስንል አንድ ሰው ከድልድዩ ላይ ቁልቁል ጮኸ፦

«ጋሼ! ስንት ስንት ካሬ ነው የተሸነሸነው? ገዢ አለኝ!»

ጋሽ ፈይሳ ደላላውን የጠራሁት እኔ ይመስል ዞር ብለው ገላመጡኝ።

ድንቹ ደርሶ ሲቆፈር እኔም ነበርኩ። ሂሩት እያንዳንዱን መደብ ለየብቻው መዘነች። ሦስት ቁጥር ሌሎቹን አስከነዳቸው። ልጅቷ በደስታ ልትዘል ምንም አልቀራት።

«ጋሽ ፈይሳ፣ ይሄ እኮ ጉድ ነው! ቀጥታ የመስክ በዓል ነው የምናዘጋጀው። ገበሬዎች ይመጣሉ፣ ኃላፊዎች ይመጣሉ፣ ባነር ይሰቀላል...»

«ድምፅሽን!» አሉ ጋሽ ፈይሳ። ጆንያ ጎትተው ድንቹን አለበሱት፤ ዓይናቸው ድልድዩ ላይ ነው። «ኃላፊ መጥቶ ከወደደው መሬቱ የእኔ ሆኖ ይቀራል?»

«ታዲያ ሌሎቹ ገበሬዎች እንዴት ይወቁት?»

«እሱን ለእኔ ተይው።»

የቀሩት ገበሬዎች ብዙ አይደሉም፤ ሁሉም ወንዙ ዳር ናቸው፣ ሁሉም የዕድራቸው አባል ናቸው። ጋሽ ፈይሳ አንዱን በዕድር ስብሰባ፣ አንዱን ቤተ ክርስቲያን በር ላይ፣ አንዱን ለቅሶ ቤት ድንኳን ጀርባ ጠርተው ዘሩን በጥቁር ፌስታል አስያዙት። ለሁሉም ያሉት አንድ ነው፦ «ለነፍስህ ያልህ፣ ለማንም እንዳትናገር።» ለእኔም ደርሶኛል። የምኖረው አራተኛ ፎቅ ነው፤ ባልዲ ውስጥ ተከልኩት።

አሁን ክረምት ነው። ሦስት ቁጥር ሐምራዊ አበባ ያወጣል... ከድልድዩ ላይ ቆመው ሲያዩት የወንዙ ዳር ከጫፍ እስከ ጫፍ ሐምራዊ ሆኗል። ሂሩት ባለፈው መጥታ አይታ አፏን ይዛ ቀረች። እነ ሂሩት ስልጠና ሰጥተው፣ ሻይና ዳቦ አቅርበውም እንዲህ ተስፋፍቶላቸው አያውቅም አሉ።

ጋሽ ፈይሳ ግን ደስ አላላቸውም።

«አየህ? የሆነ ሰው አፉን አልዘጋም» አሉኝ፣ ከእግሬ እስከ ራሴ እየለኩኝ።

ስሜን ያለ አግባብ ነው የሚያጠፉት... እኔ የተናገርኩት ለባለቤቴ፣ ለሕንፃችን ጥበቃ እና ለአንድ የሚኒባስ ረዳት ብቻ ነው።