እጁን ያልነከረው ሜትሮ

ሜትሮ ሲጋራ ማቆሙን የማያውቅ ሰው በዚያች በካናዳ፣ በሳስካችዋን ክፍለ ሀገር ባለች ትንሽ ከተማ አልነበረም። ሚስቱ ፓራስካ በሳንባ በሽታ የሞተች ጊዜ፣ ለተዝካሯ በቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ የተሰበሰበው ሕዝብ ገና እየበላ ሳለ፣ ብድግ ብሎ ከዛሬ ጀምሮ ሲጋራ የሚባል ነገር አፌን አይነካም ብሎ ማለ። ቄሱ አቀፉት፤ ሴቶቹ አለቀሱ። ከዚያ ወዲያ ፖስታ ቤት ቢሄድ፣ ሱቅ ቢሄድ፣ «አንተ ነህ ወንድ!» እየተባለ ትከሻው ይመታል። ሰውዬው ግን በቤቱ ካለው መጋዘን ጀርባ ቆሞ ያጨሳል። ለመተው ሞክሮ ነበር፤ አልሆነለትም። ያ ሁሉ ሙገሳ ከወረደበት በኋላ ደግሞ በየትኛው አፉ ይናገር?

ጎረቤቱ ስቴፍካ አበልጁ ናት፤ የበኩር ልጇን ክርስትና ያነሳው እሱ ነው። ጓሮዋ ውስጥ ግሪን ሃውስ፣ ችግኝ ከብርድ የሚጠለልበት የመስታወት ቤት አላት። ቃሪያውም ዱባውም ይበቅልበታል፤ የምትሳሳለት ግን እናቷ ከዩክሬን ስትሰደድ በመሀረብ ቋጥራ ያመጣችውን ሮዝ ቲማቲም ነው። በየዓመቱ ከምርጡ ፍሬ ዘር አውጥታ ታደርቃለች፣ መልሳ ትዘራለች፣ ችግኙን ለከተማው ሁሉ ታድላለች። ዘር የሚያስቀር ሌላ ሰው ያለ አይመስልም። ስቴፍካ እያለች ማን ይለፋል?

በግሪን ሃውሱ በር ላይ ሁልጊዜ ወተት ያለበት ሳህን ይቀመጣል። ትምባሆ የነካ እጅ ቲማቲም የሚጨርስ በሽታ ይዞ ይመጣል፤ ወተት ያንን በሽታ ያከሽፈዋል፤ የዚያ አገር አሮጌ አትክልተኛ ሁሉ ያውቀዋል። ስለዚህ የሚያጨስ ሰው ታጥቦ፣ እጁን ወተቱ ውስጥ ነክሮ ይገባል። የማያጨስ ሰው ዝም ብሎ ይገባል።

በዚያ ጸደይ ስቴፍካ ጉልበቷ ላይ ቀዶ ጥገና ተደረገላት። ችግኙ ደግሞ የሚያስተኛ አይደለም። ጠዋት ፀሐይ ስትወጣ መስኮቱ ካልተከፈተ ይቀቀላል፤ ማታ ካልተዘጋ ውርጭ ይመታዋል፤ ከትንሹ ዕቃ ወደ ትልቁ የሚዛወርበትም ጊዜው ደርሷል። ማንን ትጥራ? አበልጇን ጠራች። እሷ እግሯን ወንበር ላይ ሰቅላ በወጥ ቤቱ መስኮት ታየዋለች።

ሜትሮ ገና አንዱን አጭሶ መምጣቱ ነበር። ሳህኑ ፊት ቆመ። ቀና ሲል ስቴፍካ በመስኮት እጇን እያውለበለበች ፈገግ ትላለች። እጁን ወተቱ ውስጥ ቢነክር አለቀለት፤ መሐላው፣ ፓራስካ፣ አዳራሹ፣ ሁሉም ነገር። መዳፉን በሱሪው ጠራረገና ገባ። ችግኞቹን አንድ በአንድ ከሥራቸው አንስቶ አዛወራቸው፤ በፍቅር ነው ያዛወራቸው፣ እግዜር ያሳያችሁ!

ሳምንታት አልፈው ቅጠሉ ተዥጎረጎረ፤ ቢጫና አረንጓዴ ሆኖ ተጨማደደ፣ አዲሱም ቀጥኖ ክር አከለ። ስቴፍካን ሊጠይቅ መጥቶ ከደጅ በመስታወቱ ያየ ሁሉ ሐኪም ሆነ። አንዱ ውሃ በዝቶበት ሥሩ ታፍኖ ነው አለ፤ ሌላዋ ብርድ ነው አለች፤ ማዳበሪያ አንሶት ነው ያለም አለ። ሜትሮ ውሃውን ቀነሰ፣ ማሞቂያውን ጨመረ፣ ክሽክሽ የሚባለው ቅጠል መጣጭ ተባይ ይኖር እንደሆነ የቅጠሉን ጀርባ ፈተሸ። ምክንያቱን ልቡ ያውቀው የለ? ያውቀዋል።

በመጨረሻ ስቴፍካ በክራንቿ እያነከሰች ወደ ግሪን ሃውሱ ወጣች። አንድ ቅጠል አገላብጣ አየችው።

«የትምባሆው በሽታ ነው» አለች። «ከአንተ በቀር የገባ ሰው የለም፤ አንተ ደግሞ አታጨስም። እንግዲያው ከዘሩ ነው የመጣው። የእናቴ ዘር ታሟል።»

ሜትሮ አትቸኩዪ፣ እስቲ ትንሽ እንየው አላት። ሊላት የሚገባው ይህ አልነበረም፤ ይህን ብቻ ብሎ ወደ ቤቱ ሄደ። ነገ እነግራታለሁ አለ ለራሱ። እንዲህ ያለ ፈሪ!

በነጋታው ሲመጣ ከጓሮዋ ጭስ ይወጣል። ስቴፍካ ልጇን ጠርታ ችግኙን አስነቅላ፣ በበርሜል ውስጥ እያስቃጠለች ነው። የዘሩን ጣሳ ከፍታም እዚያው ላይ ደፍታዋለች። ዘሩንም? አላት። ዘሩንም፣ በሽታ ላድል እንዴ፣ አለችው። ዓይኗ ቀልቷል። ፊቱን ስታይ ክንዱን ያዝ አደረገችው።

«አንተ ምን አጠፋህ አበልጄ? ጠዋት ማታ ስትለፋልኝ አይቻለሁ። እግዜር ይስጥህ።»

ምርቃቷን አልቻለውም።

«እኔ ነኝ» አለ። «ማጨስ አላቆምኩም። እያየሽኝ ስለነበር ወተቱን ሳልነካ ገባሁ።»

ስቴፍካ እጇን ከክንዱ ላይ አነሳች። ብትሰድበው በወደደ። ወደ በርሜሉ ዞረች።

«ማጨስህ የራስህ ጉዳይ ነበር» አለች። «ትናንት ብትነግረኝ ግን ይኼ ዘር አይቃጠልም ነበር።»

ሜትሮ ከዚያ ሄዶ አልተኛም። አምና ችግኝ የወሰደ ሰው ምናልባት ጥቂት ፍሬ ዘር አስቀርቶ እንደሆነ ብሎ በየቤቱ ማንኳኳት ጀመረ። በየበሩ ስቴፍካ ምን ሆና ዘር አጣች ይሉታል። በየበሩ እኔ አጭሼ ወተቱን ሳልነካ ገብቼ ነው ይላል። አንዳንዱ ያፍርለታል፤ አንዳንዱ «በፓራስካ ተዝካር የማልከውስ?» ይለዋል። አንድ ሰው በሩን ፊቱ ላይ ዘጋበት። ሁሉንም ተቀበለው፤ ይገባኛል አለ።

ከከተማው ጫፍ የምትኖረው ባልቴት ማሪካ ናት በመጨረሻ ከመሳቢያዋ የወረቀት ፎጣ ያወጣችው። አምና ያደረቀችው ጥቂት ዘር ተጣብቆበታል። እጁን ሲዘረጋ ወዲያ ገፋችው። ዘሩን ንጹሕ ከረጢት ውስጥ ከታ፣ በገመድ አንገቱ ላይ አንጠለጠለችለትና በል ሳትነካው አድርስ አለችው።

ስቴፍካን ታጥቦ በጸዳው ግሪን ሃውስ ውስጥ አዲስ አፈር ስትሞላ አገኛት። አንገቱ ላይ የተንጠለጠለውን ስታይ ወዲያው ገባት።

«ግባ» አለችው።

ሜትሮ በሩ ላይ ቆመ።

«አልገባም። አሁን መንገድ ላይ አጭሻለሁ።»

ስቴፍካ ክራንቿን ይዛ ወደ በሩ መጣች፤ ከረጢቱን ከአንገቱ ላይ በገዛ እጇ አወረደችው።